ግድቡ ሲጀመር የተወለደ ሠራተኛ

ባለፈው ዓመት፣ በ2017 ሰኔ ላይ፣ አንድ ልጅ ከአጎቱ ጋር ቢሮዬ መጣ። ሥራ ፈልጎ ነው። ጉዳዩ ያን ዕለት አልቋል። ፋይል እንኳ አልተከፈተለትም። እኔ ግን እስካሁን ከራሴ ጋር እከራከርበታለሁ። ኮፒ ማሽኑ አጠገብ በቆምኩ ቁጥር ይመጣብኛል። እስቲ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ደብረ ማርቆስ፣ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ፣ የሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው። ሥራው ሲጠሩት ትልቅ ይመስላል። አብዛኛው ግን ወረቀት መሰብሰብ ነው። ማመልከቻ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃ ካለ እሱ፣ የዋስ ወረቀት። በስቴፕለር እመታዋለሁ፣ ክላሰር ውስጥ አስገባዋለሁ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያንን ኮፒ ገልጦ የሚያየው የለም። ሰውዬው ንብረት ይዞ ካልጠፋ በስተቀር።

የልጁ ወረቀት ልቅም ያለ ነበር። የገጠር ቀበሌ መታወቂያ ታውቁታላችሁ። ብዙ ጊዜ ጠርዙ የተበላ፣ ላብ የጠጣ፣ ፎቶው የደበዘዘ ነው። የእሱ ግን ላምኔቱ ገና አልተጫረም። ክብ ማኅተሙ ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ፣ ልክ እንደሚገባው አርፏል። የሥራ አስኪያጁ ቲተር አለ፣ ፊርማ አለ። ዕድሜ በሚለው መስመር ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ 18 ተጽፏል። ስምንቷ ወፈር ብላለች። የጻፈው ሰው ደጋግሞ የሄደባት ትመስላለች።

ልጁ ከቾቄ ሥር፣ ከስናን በኩል ነው የመጣው። ብርዱ ጉንጩን አቅልቶታል። የለበሰው ኮት የራሱ አይደለም፤ እጅጌው ጣቶቹን ውጧቸዋል። ሰላም ሊለኝ ሲል እጁን መጀመሪያ ከእጅጌው ውስጥ ፈልጎ ማውጣት ነበረበት።

አጎቱ ዋስ ሊሆኑ ነው አብረውት የመጡት። ጋቢ ደርበዋል። ዱላቸውን ዘበኛው በር ላይ አስቀርቶባቸዋል። ቅጹን እየሞላሁ ለወሬ ያህል ጠየቅኋቸው።

«የእህትዎ ልጅ ነው?»

«አዎ ልጄ። በእጄ ነው ያደገ።»

«ጎበዝ ይመስላል።»

«ኧረ ተወው፣ ለጋ ነው ገና! ግድቡ የተጀመረ ሰሞን አይደል እንዴ የተወለደ። እኛ ስለ ቦንድ ተሰብሰቡ ተብለን ቀበሌ፣ እናቱ ደግሞ ምጥ ይዟት። ሰው ተልኮብኝ ነው ከስብሰባ የወጣሁ።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። ልጁ አጎቱን ቀና ብሎ አየና አቀረቀረ። ሽማግሌው ምን እንዳሉ አልታወቃቸውም። የህዳሴ ግድብ መሠረት የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ጎጃም ውስጥ ይህን ቀን ለማስታወስ ካላንደር የሚያገላብጥ የለም። ከ2003 እስከ 2017 ቁጠሩ። ልጁ 14 ነው።

«አንተ አዋላጅ ነህ እንዴ?»

ተነሥቼ ወደ አለቃዬ ሄድኩ። መጥፎ ሰው አይደለም። ሌሊት ፈረቃ ላይ ሰው ጎድሎበታል፣ ማሸጊያ ክፍሉ እየጮኸበት ነው። ነገርኩት። መታወቂያውን ገለበጠ፣ ማኅተሙን አየ፣ መለሰልኝ።

«ወረቀቱ 18 ካለ 18 ነው። ውሸት ቢሆን የሚጠየቀው ማኅተሙን የመታው ነው። አንተ አዋላጅ ነህ እንዴ?»

ሳቄ መጣ። እውነት ለመናገር ነገሩ ስሜት ይሰጣል። ተቆጣጣሪ ቢመጣ ክላሰሩን እከፍትለታለሁ፤ 18 ይላል፣ ማኅተም አለው። ማን ምን ሊለኝ ይችላል? ወደ ቢሮዬ እየተመለስኩ ግን አንድ ነገር ሆዴን በላው። ይህ ወረቀት ለእኔ ከለላ ይሆነኛል። ለድርጅቱም ከለላ ይሆናል። ለልጁስ?

ሕጉን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ሰው መቅጠር ክልክል ነው። በቀድሞው አዋጅ፣ በ377/96፣ ወለሉ 14 ነበር። በአሮጌው ሕግ ልጁ ይገባ ነበር ማለት ነው። አሁን ከ15 እስከ 18 ያለው «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል። ይቀጠራል፤ ነገር ግን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም። ትርፍ ሰዓት የለም። በሳምንት ዕረፍቱና በበዓል ቀን አይታዘዝም። ጤናውን የሚጎዳ ሥራም አይሰጠውም።

አሁን ይህንን ከሌሊት ፈረቃችን ጋር አስተያዩት። ማሸጊያ ክፍል ማለት 50 ኪሎ ዱቄት ከማሽኑ አፍ ተቀብሎ፣ አፉን ሰፍቶ፣ ጎትቶ መደርደር ነው። እስኪነጋ። አየሩ ነጭ ነው። ቅንድብ ነጭ ነው። ጠዋት ሲወጡ ሁሉም ሽማግሌ መስለው ነው የሚወጡት።

እና ያቺ 18 የምትል ቁጥር ልጁን በር አሳልፋ ብቻ አትተወውም። ከውስጥ ያለውን ጥበቃ ሁሉ ታነሣበታለች። 14 መሆኑ ተረስቶ 16 ነው ቢባል እንኳ 7 ሰዓት ሠርቶ ቀን ይወጣ ነበር። 18 ስለሆነ ግን ሌሊት ይገባል። ሐሰተኛው ሰነድ ዕድሜ ጨመረለት፣ መብቱን ደግሞ ቀነሰበት። የሥራ ክፍሎች ይህን አያስቡትም። እኔም ያን ዕለት ነው አስቤበት የማላውቀውን ነገር ቁጭ ብዬ ያሰብኩት።

ተመልሼ ለአጎቱ ነገርኳቸው። «አባቴ፣ ሕጉ 15 ካልሞላው አይፈቅድልኝም።» መጀመሪያ መታወቂያውን ጠቆሙኝ። ቀጥሎ የተናገሩት ትዝ አላቸውና በመዳፋቸው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ መከራከር ጀመሩ፤ ክርክራቸው ደግሞ ባዶ አልነበረም።

«ልጄ፣ አባቱ የለም። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ነው ያለ። እቤት ቁጭ ብሎ ምን ሊሆን ነው? እዚህ አንተ ፊት፣ ጣራ ሥር ቢውል አይሻለውም? አንተ ብትመልሰው እንደሁ መተማ ነው የሚሄድብኝ።»

መተማ ማለት ሰሊጥ ነው። ጎጃም ላይ የሰሊጥ አጨዳ ሄዶ የታመመ ወይም ሳይመለስ የቀረ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ወባውን፣ ካላዛሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። እዚያ መታወቂያ የሚያገላብጥ የሰው ኃይል ክፍል የለም። ስለዚህ ሽማግሌው ያሉት እውነት ነው፤ የእኛ ፋብሪካ ከመተማ ይሻላል።

አልቀጠርኩትም። ዛሬም ቢመጣ አልቀጥረውም። «ከዚያ የባሰ አለ» የሚባል ክርክር መቆሚያ የለውም፤ ከሁሉም ነገር የባሰ ነገር አለ። በዚህ ሚዛን ከሄድን 12 ዓመት የሆነውም ይገባል፣ ምክንያቱም ከጎዳና ይሻላል። ከወራት በኋላ ልጁን መናኸሪያ አየሁት። የሚኒባስ ረዳት ሆኗል። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ቡሬ! ቡሬ!» ይላል። ኮቱን ቀይሯል። አየኝ፣ ዞር አለ። ይህን ያየ ጓደኛዬ «በቃ፣ ምን አተረፍክ?» አለኝ። ልጁ ሌሊት ዱቄት አልተነፈሰም፤ ያ ብቻ ነው ያተረፍኩት። ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ።

ዕድሜ በእናት አፍ

የሚከነክነኝ ግን ውሳኔዬ አይደለም። የሚከነክነኝ፣ ያ አጎት ወሬ ባይወዱ ኖሮ ልጁ ምንም ሳይጎድለው ማለፉ ነው። ከወረቀቶቹ ውስጥ አንዱም ዕድሜውን አልተናገረም። የተናገሩት ሽማግሌው ናቸው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ።

በቀበሌው ሠራተኛ ላይ ለመፍረድ ቸኩዬ ነበር። ቆይቼ ሳስበው እሱስ ምን ይዞ ነው? በአዋጅ 760/2004 የወጣው የልደት ምዝገባ ሥራ ላይ መዋል የጀመረው ነሐሴ 2008 ነው። ልጁ የተወለደው ከዚያ አምስት ዓመት ቀድሞ ነው። መዝገብ የለም። የጤና ጣቢያ ካርድ ቢኖር ጠፍቷል። ቁመቱ የተመዘዘ ልጅ ከሁለት ምስክር ጋር መጥቶ «18 ነኝ» ሲል ቀበሌው ከምን ጋር ያስተያየዋል? ከልደት ምዝገባ ጋር አብሮ የተወለደው ትውልድ 15 ዓመት ሞልቶት እኔን ከመሰለ ሰው ፊት የሚቆመው ገና በ2023 ነው። እሱም ከተመዘገበ።

እስከዚያ ድረስ ዕድሜ ያለው በእናቶች አፍ ነው። እናት ደግሞ ዓመተ ምሕረት አትቆጥርም፤ የሆነ ነገር ትይዛለች። መሬት የተሸነሸነ ዓመት ካለች 1989 ነው። ያ ሽግሽግ በጎጃም ገበሬ ቤት ውስጥ እንደ ልደት ምዝገባ ያገለግላል። የሚሊኒየሙ ሰሞን ካለች 2000 ነው። ግድቡ ካለች 2003። ኮሮና ካለች 2012። ክርስትና የተነሣበትን በዓል ከነገረቻችሁማ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ቀኑን ራሱ ታገኙታላችሁ። ከማንም ቀበሌ መታወቂያ የተሻለ ነው። ችግሩ ይህን የሚጠይቅ ቅጽ የለንም።

ሌላም ጣጣ አለ። የቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠው 18 ለሞላው ነው። መቀጠር የሚቻለው ደግሞ ከ15 ጀምሮ። በመሃል ያሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ያለ ልጅ መሥራት ተፈቅዶለታል፣ የሚያሳየው ወረቀት ግን የለውም። እኛ ደግሞ «መታወቂያ ከሌለህ አትምጣ» እንላለን። ስለዚህ የ16 ዓመቱም ልጅ፣ ሕጋዊ የሆነው፣ ሄዶ 18 ይሆንና ይመጣል። እውነቱን ተናግሮ መግባት የሚችለውን ሰው አስዋሽተን ነው የምናስገባው። ለማያውቁሽ ታጠኚ የተባለው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ያላወቀ ይመስላል።

ያች ቁጥር ደግሞ ቀላል አይደለችም። መጀመሪያ ሲቀጠር የሞላው ዕድሜ የጡረታ ቅጽ ላይ ይገባል። ጡረታ በ60 ነው። ዛሬ አራት ዓመት የጨመረ ልጅ፣ ዕድሜ ከሰጠው፣ ገና መሥራት በሚችልበት በ56 ዓመቱ «ደርሰሃል» ይባላል። ያኔ ግድቡን የሚያስታውስ አጎት አይኖርም።

«ቤቱስ የት አለና?»

ይህን ሁሉ በልጁ ብቻ ቢሆን ላላስበው እችል ነበር። ያው ሰሞን ግን ሌላ ሰው መጣች፤ መጣች ሳይሆን በር ላይ ተመለሰች። ዘበኛው ትእዛዝ አለው፤ መታወቂያ ያልያዘ ግቢ አይገባም። ለምሳ ስወጣ አጥሩን ተደግፋ ቆማ አገኘኋት። ወደ አርባ የሚጠጋት ሴት ናት።

ከመተከል የተፈናቀለች ናት። በ2013 ቻግኒ፣ ራንች የሚባለው ጣቢያ ውስጥ ነበረች። ከዚያ እንጅባራ፣ ከዚያ ዘመድ ፍለጋ ማርቆስ። በእጇ የያዘችው በፌስታል የተጠቀለለ የእርዳታ መቀበያ ካርድ ብቻ ነው። በወር በወር ምልክት የሚደረግበት፣ መታጠፊያው በፕላስተር የተለጠፈ። እንደ መታወቂያ አድርጋ ሁለት እጇን ዘርግታ ሰጠችኝ።

«እህቴ፣ የቀበሌ መታወቂያሽስ?»

«ወንድሜ፣ መታወቂያው ቤት ውስጥ ነበረ። ቤቱስ የት አለና?»

እዚህ ቀበሌ ጠይቃለች። ከነበርሽበት መሸኛ አምጪ አሏት። የነበረችበት ቀበሌ ሄዳ መሸኛ ልታመጣ! ለማን፣ በየት በኩል፣ ማን ጽፎላት? ይህን ያሏት ክፉ ሆነው አይደለም። መመሪያቸው ነው። መመሪያው ሰው ከቤቱ በሰላም ተሰናብቶ የሚወጣበትን ዘመን አስቦ የተጻፈ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ልጁ መሥራት የተከለከለ ነው፤ ወረቀቱ ሙሉ ነው። ሴትዮዋ ለመሥራት ምንም የሚከለክላት የለም፤ ወረቀት የላትም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ በማንኛውም ቦታ ለመተዳደሪያው የመረጠውን ሥራ የመሥራት መብት አለው ይላል። በማንኛውም ቦታ ነው የሚለው። መሸኛ ካመጣ አይልም። የእኛ አሠራር ግን ልጁን አስገባ ይለኛል፣ ሴትዮዋን መልስ ይለኛል። አሠራሩ አልፎ አልፎ ቢሳሳት ይገባኝ ነበር። እዚህ ግን ሁለቱንም ገልብጦ ነው ያገኘው።

ለአለቃዬ አነሣሁለት። መልሱ ነው ነገሩን ሁሉ የገለጠልኝ።

«ነገ ብትጠፋ የት እናገኛታለን?»

ስለ ዕድሜዋ አልጠየቀም። ኢትዮጵያዊት ናት ወይ አላለም። መሥራት ይፈቀድላታል ወይ አላለም። የጠየቀው ብትጠፋ የት እንደምትገኝ ነው። ለካ እኛ መታወቂያ የምንሰበስበው ለዚህ ነው! ሰው መሥራት ይችላል ወይ ብለን አይደለም። እንደ ማስያዣ ነው የምንይዘው። ቢሰርቅ፣ ቢሰብር፣ ቢሰወር በየት ገብተን እንደምንይዘው ለማወቅ። ለዚህ ነው ማኅተሙንና የቤት ቁጥሩን አጥብቀን የምናየው፣ ዕድሜውን ደግሞ የማናየው። ለዚህ ነው ከመታወቂያው በላይ ዋሱ የሚያስጨንቀን። የሥራ ውል ምን ምን መያዝ እንዳለበት የሚዘረዝረውን የአዋጁን አንቀጽ 6 ደግሜ አነበብኩት። የሠራተኛው ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ የሥራ ካርድ ቁጥር ካለው። ዋስ የለበትም። ዕድሜ ግን አለ፤ ያውም ከስም ቀጥሎ።

አለቃዬን አልወቅሰውም፤ ዱቄት ይጠፋል። ሰው ተቀጥሮ በሳምንቱ ሚዛን ይዞ የተሰወረበት ጊዜም ነበር። ፍርሃቱ መሠረት አለው። ነገር ግን ሌባ መያዝ አንድ ሥራ ነው፣ መሥራት የሚችለውን ከማይችለው መለየት ሌላ ሥራ ነው። ሁለቱን በአንድ ኮፒ ልንወጣቸው ስንል ሁለተኛውን ጨርሶ ረሳነው። የጠፋም ዱቄት ስንት ጊዜ በመታወቂያ ኮፒ እንደተገኘ ጠይቁኝ። በእኔ ጊዜ የለም።

የውጭ ሰው ሲሆን

የሚገርመው ነገር፣ ሰነድ ማየት አንችልም እንዳትሉ እንችልበታለን። አዲሱ ማሽን ሲተከል የውጭ ቴክኒሻን መጥቶ ነበር። ያኔ ቢሮው ሁሉ ተነሣ። ፓስፖርቱ፣ ቪዛው፣ የሥራ ፈቃዱ አንድ በአንድ ታየ። የውጭ ዜጋ ያለ ሥራ ፈቃድ አይቀጠርም፤ ፈቃዱ ለሦስት ዓመት ነው፣ በየዓመቱ ይታደሳል። የእድሳት ቀኑን ግድግዳ ላይ ለጥፈንለት ነበር። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቢጫ ካርድ የያዘ ቢሆን ደግሞ በአዋጅ 270/1994 ሥራ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ያንንም አውቀን ነበር። ስደተኛ ቢሆን በአዋጅ 1110/2011 የመሥራት መብት አለው፤ እሱንም አንብበናል። የገዛ አገሯ ውስጥ የተፈናቀለችዋን ግን በየትኛው ፋይል እንደምናስገባት የሚያውቅ ጠፋ። ሰው በአገሩ፣ ሰው በወንዙ፣ ቢበላ ሣር ቢበላ መቅመቆ ይባላል። ሴትዮዋ ከአገሯ አልወጣችም።

አሜሪካ ያለ የአክስቴ ልጅ አለ። በስልክ ሳወራው ሳቀብኝ። እዚያ ማንም ሲቀጠር አይ-9 የሚባል ቅጽ ይሞላል፣ ከ1986 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ። ቅጹ የወጣው ፈቃድ የሌለውን ከሥራ ለማስቀረት ነው፤ ለጽድቅ አይደለም። ቀጣሪው ሥራ ከተጀመረ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ሰነድ ማየት አለበት። እስከዚህ ከኛ ይብሳል። ግን ቀጣሪው «ይህን ሰነድ ካላመጣህ» ማለት አይችልም። ከተፈቀዱት ዝርዝሮች ውስጥ የትኛውን እንደሚያቀርብ የሚመርጠው ሠራተኛው ነው። ከሚያስፈልገው በላይ መጠየቅም አድልዎ ተብሎ ያስጠይቃል።

ከሁሉ ያስገረመኝ ሌላ ነው። ሰነዱ የጠፋበት፣ የተሰረቀበት ወይም የተበላሸበት ሰው ምትክ ማመልከቱን የሚያሳይ ደረሰኝ ካመጣ በዚያ ደረሰኝ 90 ቀን መሥራት ይችላል። ሰው ሰነዱ ሊጠፋበት ይችላል ብሎ ያሰበ ሰው ነበር ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ራሱ ቦርሳው ተሰርቆበት በደረሰኝ ሠርቷል። እዚያም ቢሆን በፎርጅድ የሚሠራ ሞልቷል አለኝ። ይሁን። እኔ የቀናሁት በደረሰኟ ነው።

ቅጹ

ከዚያ በኋላ አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጀሁ። መታወቂያ ከመጠየቁ በፊት የሚሞላ። የተወለድክበት ዓመት፣ ያን ዓመት በአካባቢህ የሆነ ነገር፣ ስንተኛ ክፍል በስንት ዓመተ ምሕረት ደረስክ። ሦስቱ ከተጣጣሙ መልካም። ካልተጣጣሙ እናወራለን። ከ15 እስከ 18 ለሆነ ልጅ ደግሞ የቀበሌ መታወቂያ አይጠየቅም፤ የትምህርት ቤት ካርድ ወይም ክርስትና ያነሣው ሰው ምስክርነት ይበቃል፣ የሚመደበውም ቀን ብቻ ነው። ሰነድ ለጠፋበት ደግሞ ከአሜሪካው ቅጽ የተዋስኩትን ጻፍኩ፤ ምትክ ማመልከቱን ካሳየ 90 ቀን ይሥራ።

ፋይዳ ይህን ሁሉ ይፈታዋል የሚሉኝ አሉ። ጥቂቱን ይፈታል። በአዋጅ 1284/2015 መጥቶ አሥር ጣት፣ የዓይን ብሌንና ፊት ይወስዳል፣ 12 አሃዝ ይሰጣል። አንድ ሰው ሁለት ሆኖ መመዝገብ አይችልም። ሰነድ የሌለው ሰውም በምስክር መመዝገብ መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ግን ፋይዳ ማን እንደሆንክ ይናገራል እንጂ ዜግነትህን አያረጋግጥም፣ ሥራም አይፈቅድልህም። የስምንቷን ወፍራም ቁጥር ይዞ የሄደ ልጅ ደግሞ 18 ሆኖ ይመዘገባል። ያኔ ውሸቱ ከወረቀት ወጥቶ ከጣት አሻራው ጋር ይጣበቃል፤ ማስተካከሉ ይብሳል።

ለሴትዮዋ ግን በጄ ብሎላታል። ያስጠለሏት ዘመድ መሰከሩላት፣ ተመዘገበች፣ ቁጥሩ በስልክ መልእክት ደረሰላት። ተመልሳ ስትመጣ ዘበኛው እንደገና የቀበሌ መታወቂያ ጠየቃት። ወርጄ አስገባኋት። አለቃዬ ቁጥሩን አየና «እሺ፣ ማንነቷ ታወቀ። ዋሷስ?» አለኝ።

ዋስ የሚለው መስመር ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አሁን ስንዴ ማበጠሪያው ጋ፣ ቀን ፈረቃ ትሠራለች። ቅጹ አለቃዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ «ለቦርድ ይቅረብ» ብሎ በቀይ ጽፎበታል። ከእሷ በኋላ ከዚያው ጣቢያ የመጡ ሌሎች ሁለት ሴቶች ጠይቀውኛል። በድርጅታችን ደንብ አንድ ሠራተኛ ዋስ መሆን የሚችለው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።